ለካሳ ካሳ

አልቶና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
ጠበቃዋ መዝገቡን ዘረጋች ጠረጴዛው ላይ።
ስሙን ልታነብ ታገለች፣ ፊደል በፊደል ቆራርሳ፦
"ካ… ሳ… ሁን።"
አስተርጓሚው ጥቂት ቆየና፣ "ትርጉሙ" አላት፣ "ሁን ካሳ"።

እውነቱን ነው። እናቴ
ከእሱ በፊት አንድ ቀብራለች፤ በኩፍኝ፣ ገና ሲድህ።
ይኼኛው ሲወለድ ታቅፋ፣ "አንተ ለዚያ ካሳዬ ነህ"
አለችው፤ ስም ሆኖ ጸና።
ወንድሜ እንግዲህ ክፍያ ነው፣ አንዴ ለእናቴ የተከፈለ፤
ዛሬ ስንት ይባልለት? ለካሳስ ካሳ አለ?

ጠበቃዋ ጣቷን ታጥፋለች።
አንዱ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የወደቀበት ሰዓት፣
የነፋሱ ኃይል፣ የጫማው ቁጥር፣ ተጽፏል በዝርዝር፤
እኛም ከጎኑ መቆም እንችላለን፣ መጠየቅ፣ መናገር።
ሁለተኛው መድን ነው፤ ለሚስት ይሰጣል፣ ለልጅ።
ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ብስክሌት ነበር።
ሦስተኛው ክስ ነው፣ መወጣጫውን በተከለው ድርጅት ላይ።
ሦስት ዓመት አለን። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።
በአገሬ ሕግ ይርጋ ይሉታል፤
ይርጋ፣ ይስከን፣ ይተኛ እንደማለት።
ምኑ ነው የሚረጋው? እንጃ።

"አንቺ ግን እኅት ነሽ" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
የእናት ቅርበት ይታመናል፤ የእኅት ግን ይጠየቃል፣
ይመዘናል፣ ይቆጠራል፣ በወረቀት ይረጋገጣል።
ያመጣሁትን ዘረገፍኩ፦
የቤቱን ትርፍ ቁልፍ፣ ከእኔ ቁልፎች ጋር የታሰረ፤
የጥርስ ሐኪም ቅጽ፣ "ቢቸግር የሚጠራ" በሚለው ቦታ
የእኔ ቁጥር፣ በእሱ ጠማማ እጅ ጽሑፍ፤
የስልክ ዝርዝር፦ ማክሰኞ አሥራ አንድ ደቂቃ፣
ማክሰኞ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ አርባ፣ እናታችን የታመመች ለት።
እስክሪብቶዋ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።
"ከየካቲት እስከ ሰኔ፣ አራት ወር፣ ምንም የለም።"

የለም። ሦስት መቶ ዩሮ ነበር፤ እኔ "ብድር"፣ እሱ "ስጦታ"።
"ተኳርፈን ነው" አልኳት። አስተርጓሚው ቃል ፈልጎ አጣ።
"ጠብ?" አይደለም። "መለያየት?" አይደለም።
ንገራት እስቲ፣ ሩቅ ሰው ይኮረፋል እንዴ?
አራት ወር ሙሉ ስልኩን እያየሁ
አልደውልም ያልኩት፣ ለባዳ ነው እንዴ?
ጻፊው፤ ከቁልፉም ከቅጹም የሚበልጠው
ማስረጃዬ ይኼ ባዶው ነው።

ፎቶም አለ። ፓቬል ነው ያነሳው፣ ጭጋጉን
ለልጁ ሊልክላት፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።
ጥግ ላይ ካሳሁን ጓንቱን ይስባል፤ ከኋላው፣
መደገፊያ ብረት መኖር በነበረበት ቦታ፣
ሰማይ።
በማግሥቱ ብረቱ ተተክሏል፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ መስኮት ባለው ፖስታ።
"ጥፋት ሳናምን፣ በበጎ ፈቃድ" ይላል፤ ከታች ቁጥር፤
ከቁጥሩ ሥር ለፊርማዬ የተተወ ቦታ።
በእናቴ አገር ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣
ከሽማግሌ ኋላ ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ገንዘቡ ኋላ ነው፤ ፊቱን ነው የሚያስቀድም።
ፖስታ አንገት የለው፣ ምን ይደፋል?

አልፈረምኩም። "አስቢበት" አለች፤ "ቁጥሩ ክፉ አይደለም፣
ክሱ ይረዝማል፣ ሊያደክም፣ ልንሸነፍም እንችላለን።"
እውነቷን ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት
ሁለት ቃል እፈልጋለሁ፦ መደገፊያ አልነበረም፤
በእነሱ እጅ፣ በእነሱ ማኅተም።

ማታ እናቴ ደወለች፤ ማክሰኞ ነበር።
ስለ ፍርድ ቤት አልጠየቀችም፣ ስለ ገንዘቡም።
"ሰውየው መጣ ወይ?" አለችኝ።
"ገና ነው እማ፤ ቀጠሮ ነው።"
ዝም አለች። የመስመሩን ሹክሹክታ ሰማሁት።
"ሲመጣ" አለች፣ "ደጅ እንዳታስቆሚው።"