ከሥር የሚለበስ

ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ ፍሬኑን ሳላምነው፣
የደሴን ጉም ከኋላ መስታወት ላይ ተኝቶ ትቼው።
ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴን አወለቅሁ፤
ቦርከና ዳር፣ ኑርዬ በያጁ ግቢ፣ መኪናዋን አቆምሁ።
«ምን ሆነች?» አለኝ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
«ገና አልሆነችም፤ እንዳትሆን ነው የመጣሁት ቶሎ።»

ባለፈው ክረምት፣ ከኩታበር ማዶ፣ መንገዱ ወንዝ በሆነበት፣
የጡጫ ያህል ድንጋይ ነው ሆዷን የወጋት።
ዘይቷ በጭቃው ላይ ጥቁር ጥለት ሠርቶ ፈሰሰ፤
ሞተሩ አንዴ አቃሰተ፣ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ ጨረሰ።
ነርሷ ዘምዘም የክትባቱን ሳጥን በሻርፗ አዘለች፤
«በረዶው ሳይሟሟ» አለች፣ እኔን ሳታይ መንገድ ጀመረች።
እኔ እዚያው አደርኩ፣ ከሥሯ ተንበርክኬ፣
በባትሪ እያየሁ፣
ራሴን እየወቀስሁ።

ኑርዬ አሉሚኒየም አወጣ፤ ቀላል፣ እንደ ትሪ የሚያበራ፤
በሁለት ጣቱ አንስቶ አሳየኝ፣ ሳይፎክር ሳይኮራ።
«አይከብዳትም፤ ግን ድንጋይ ሲያገኝ ይነክሳል፣ አይንሸራተትም፤
ከተቀደደም፣ እዚያ ገጠር የሚበይድልህ የለህም።»
ሌላው ላሜራ ነው፤ ሦስት ሚሊ፣ ቀለም የጠጣ፣ ከሱቅ የመጣ፤
በጉልበቱ ቢጫነው ጎበጠ፣ የገረወይና ድምፅ አወጣ።

የመጨረሻውን ከግድግዳ ሥር፣ ከጆንያ ሥር፣ ጎትቶ አመጣው፤
አምስት ሚሊ፣ ዝገት የለበሰ፣ ክብደቱ ሁለት ሰው የሚያስጨንቀው።
ያኔ፣ ከተማው በተኩስ በታመሰበት ዓመት፣ መንገድ ዳር የቀረ
የተቃጠለ መኪና ጎን ነው፤ ማን ተሳፍሮበት እንደነበር ያልተነገረ።
ሦስት ቀዳዳ አለው። ክብ። ጠርዛቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ።
ጣቴን በአንዱ አስገባሁት፤ ሳይቸገር አለፈ።
«ጥይት ያለፈበትን» አልኩት፣ «ድንጋይ እንዴት አያልፈው?»
«ጥይት ቸኩሎ ነው፣ ወንድምዬ፤ ድንጋይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው።
ለሚቸኩል ብረት የለኝም፤
ለሚጠብቅ ግን ይኸው።»

ደግሞ ገንዘቡ። ጤና ጣቢያው የፈቀደው ለአንድ ቁራጭ ነው።
የዘይቱን ቋት ወይስ ካምቢዮውን? ወይስ የነዳጁን ታንከር?
ከሥሯ በጀርባችን ተኛን፣ እንደ ባልና ሚስት ጣራ እያየን ስንመካከር።
ካምቢዮው ወፍራም ነው፤ ታንከሩ ከኋላ፣ ከድንጋይ የራቀ፤
ቋቱ ግን ከፊት፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሣሣ፣ ባየሁት ቁጥር ልቤ የተሳቀቀ።
«አስቀድሞ የሚመታውን ሸፍን፤ የቀረውን ለአላህ» አለ።
«ሁሉን ያለበሰ ሹፌር አውቃለሁ፤ ዳገት ላይ ከብዶት ዋለ።»

ከዚያ ቀዳዳዎቹን ሊደፍን ኤሌክትሮዱን አነሣ።
ተው፣ አልኩት። ውሃውም ጭቃውም መውጫ ይሻል፤
ደግሞስ ዘይቱ መንጠባጠብ ቢጀምር በየት ይታየኛል?
ውስጡ እየደማ ከላይ ጥሩር የለበሰ
ወንድም ነበረኝ፤
ሳቅ እየጋበዘን ፈረሰ።

ኑርዬ ምንም አላለም። ኤሌክትሮዱን አስቀመጠው።
የቡሎኖቹን ራስ ወደ ውስጥ ቀበረ፣ ድንጋይ እንዳይላጨው፤
የፊቱን ጠርዝ እንደ ሐይቅ ታንኳ አፍንጫ ወደ ላይ ቀለበሰው፣
እንዲንሸራተት እንጂ መሬት እንዳያርስ።
ከዋጋው ላይም ቀነሰልኝ፣
«ቀዳዳ አልሸጥም» ብሎ።

ሐሙስ ከዘምዘም ጋር ወጣን። ያው ወንዝ፣ ምናልባትም ያው ድንጋይ።
ጓ! አለ ከእግራችን ሥር። ሳጥኑን አቀፈች፤ «ምንድን ነው?» አለች፣ እኔን ሳታይ።
«በር ተንኳኳ» አልኳት።
«እንዳትከፍት» አለችኝ።

ወርጄ ጉልበቴን ጭቃው ውስጥ ነከርኩ፤ ከሥር አየሁ፤
አዲስ ጭረት፣ ረጅም፣ ነጭ፣ በኖራ የተሰመረ መሰለኝ።
ከመሐለኛው ቀዳዳ ጠብታ ተንጠልጥላለች፤
ልውደቅ አልውደቅ ትላለች።
በጣቴ ተቀበልኳት። አሸተትኳት። ምላሴን አስነካኋት።
ውሃ ናት።
ዘምዘም በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ምን አገኘህ?» ትለኛለች፤
አልመለስኩላትም ገና፤
ሁለተኛዋን ጠብታ እየጠበቅሁ ነው።