ለመጠን ያህል

ሐይቁ የለም።

ከጌንት ተነስቼ ቀንና ሌሊት ስነዳ፣
ሦስት አገር አቋርጬ ብደርስ በማለዳ፣
የመጣሁለት ውሃ ገብቶ ቆየኝ ጓዳ።

"መሬታችን ወንፊት ነው" አለች የማረፊያው ባለቤት፣
ዳቦ እየቆረሰች፣ ሳታየኝ ፊት ለፊት፤
"በጋ ሲጠና ይሰርጋል፣ ማን ይዞ ያስቀረዋል?
ዝናብ በስሙ ሲጠራው ራሱ ተነስቶ ይመጣል።
ደብዳቤ ብትጽፊለት ኖሮ…" ብላ ሳቀች።
እኔም ሳቅሁ። ጣቴ ግን የሌንሱን ክዳን
ሲከፍት ሲዘጋ አረፈደ።

ለካስ ሐይቅም ይሄዳል፤
ሻንጣ ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ወረድኩ ወደ ሜዳው።
ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ረባዳው ሣር ላይ
እንደ ዛሬ የተወለደ ውርንጭላ ተንገዳገደ።
ጀልባ አየሁ፣ በካስማ የታሰረ፣
እንደ በቅሎ ሣር መሐል ያደረ፤
ከጎኑ አንድ ሽማግሌ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣
በሚያዝያ የቀዘፈበትን በነሐሴ ያጭዳል።

ዬርኔይ ይባላል።
"ፎቶ አንሺ ነሽ" አለኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።
"ውሃው ሲኖር በገፍ ነው የምትመጡት፤
ዛሬ ግን ከአንቺ በቀር ማንም የለም።"
ከጀልባው ወለል፣ ከመረቡ ሥር፣
ዝገት የበላውን የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ
ሣሩ ላይ ዘረገፈው፦
ፖስታ ካርድ ከሊዮን፣ ከኦስሎ፣
የቀን መቁጠሪያ ገጽ ከሳልዝቡርግ፣
በየአንዱ ላይ ሐይቅ፣ በየአንዱ ላይ ጭጋግ፣
በየአንዱ ላይ ደግሞ ከቁንጫ የማትበልጥ
ጥቁር ነጥብ።

ጥፍሩን እያሳረፈ፣ "እኔ ነኝ" ይላል፣ "ይህም እኔ ነኝ፤
ይህ አያቴን ይመስላል፣ ግን እኔው ነኝ።
አውሮፓን ሁሉ ዞርኩ፣ ፓስፖርት ሳላወጣ፤
በሰው ግድግዳ ላይ ስንት ቤት አደርኩ፣
ስንት እራት ሲበላ አየሁ!"

ከመሐላቸው የኔዋን አየኋት።
ከመጽሔት የተቀደደች፣ በማጣበቂያ የተጠገነች፣
ስሜን ያስጠራች፣ ሽልማት ያመጣች፤
ደመና ከላይ፣ ደመና ከታች፣
መሐሉ ላይ ጀልባና ቀጥ ያለ ሰው።
"ጸጥታ" ብዬ ነበር የሰየምኳት።

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ፤ ሳቁ ከሆዱ ፈለቀ፦
"ያን ቀንማ መቅዘፊያዬ አምልጦኝ ወደቀ!
ቆሜ እጮህ ነበር፣ አንጀቴ እስኪቆረጥ፣
የእህቴን ልጅ፣ ቅዱስ ኒኮላስን፣ ያለ የሌለውን ቅዱስ እየጠራሁ።
አንቺ የት ነበርሽ?"

እጄን አነሳሁ ወደ ኮረብታው፤
ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ለዓይን የቀረበው፣ ለጆሮ የራቀው።

"እንዴት ወጡ ታዲያ?"

"በምሳ ዕቃዬ ክዳን ቀዘፍኩ፣ እስከ ቀትር።
ባቄላው ቀዝቅዞ ነበር።"

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ
ጥርሴ ላይ ቀረ፣ እጅግ አንሶ።

"በይ ስጪኝ" አለና ካሜራውን ተቀበለኝ፤
"የቱ ነው የሚጫነው? አሁን ሂጂ" አለኝ።
ሄድኩ። "ገና!"
ሄድኩ። "ገና!"
የሐይቁ ወለል እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል፣
የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤
ዓሣ ይዋኝበት በነበረው ከፍታ
ሁለት ቢራቢሮ ይባረራል።
ድምፁ ቀጠነ። ቆይቶ እጁ ብቻ ቀረ፣
ከሩቅ የሚውለበለብ፦ ገና፣ ገና።
"ይበቃል?" አልኩ። መልስ የለም።
"ይበቃል ወይ?" ጮህኩ።
ሜዳው ድምፄን ተቀብሎ
እንደ ውሃው ወደ ታች አሰረገው።

አሁን ጌንት፣ የመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ፣
የሱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አድማሱ ዘሟል፣
ከግማሹ በላይ ሰማይ፣
ጥጉ ላይ የአውራ ጣቱ ጥላ፣ እንደ ሌላ ኮረብታ፣
ርቃ ደግሞ አንዲት ነጥብ።
እራት የመጣ እንግዳ ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ
ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፦
"ይህቺ ምንድን ናት? ለመጠን ያህል ነው?"

ሾርባውን እየቀዳሁ
"እየጮኸች ነው" እላለሁ።