የደንገል በር ሚዛን

ስሜ አንዳርጌ ነው፣ ሚዛን ነው ሥራዬ፤
ዛሬ ከዝገት በቀር ማን አለ ደንበኛዬ?

መጀመሪያ ሚዛን፣ ኋላ ነው ከተማው፤
ከእሑዱ መርከብ ላይ አውርደን ስናቆመው፣
ሦስት ጎጆ ነበር፣ አንድ ዋርካ ባጠገቡ፤
ዋርካውን ትተው ሰዎች ሚዛኑን ከበቡ።

ሽምብራ በአህያ፣ ኑግ በታንኳ ገባ፤
ጣሪያው በበርበሬ ቀይ ቀለም ተቀባ።
የውኃ ፓምፕ መጣ፤ ጣና በጎማ ቱቦ
ማሳ ለማሳ ሄደ እንደ እባብ ተስቦ።
ጓንጉል በጫነው ሽንኩርት ለልጁ ሰርግ ደገሰ፤
ያን ያህል ሰው በልቶ ጎተራው መች ቀነሰ!
የማንጠግቦሽ ሆቴል አልጋው ስድስት ነበር፤
ሰባተኛው እንግዳ ሚዛኔ ላይ ሲያድር፣
ማታና ጧት መዝኜው ሩብ ኪሎ ጎደለ፤
‹ቁንጫችሁ ነው የበላኝ፣ ካሳ ክፈሉ› አለ።

ኋላ አስፋልቱ በማዶ ኮረብታ ታኮ አለፈ፤
መርከቡ አንድ እሑድ ቀረ፤ ጡሩምባው ከጆሮ ረገፈ።

እምቦጭ ሲመጣማ አበባው ደስ አለን፤
ልጆች ለእንቁጣጣሽ አንድ አንድ አደሉን።
ሲሰነብት ታንኳ ያዘ፣ መረብ በላ፣ ፓምፕ አነቀ፤
ጣና ከደጃችን ወደ ኋላ ራቀ።
ቱቦው ውኃ ፍለጋ ተቀጥሎ፣ ተቀጥሎ፣
ጭቃ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ እንደ ዓሣ ተጥሎ።
ሽንኩርት ተነቀለና ጫት በቀለ በማሳው፤
ጫት ሚዛን አያውቅም፣ በጭብጥ ነው ዋጋው።
ትምህርት ቤቱ ከሦስት ፈረቃ ወደ አንድ ወረደ፤
ደወል የሚደውለውም ወደ መተማ ነጎደ።

ማንጠግቦሽ ባሕር ዳር ሄደች ልጇ ዘንድ፤
ስድስቱ አልጋ ተጫነ በአንድ ጋሪ፣ በአንድ ገመድ።
‹መዝነው› አለችኝ ስቃ፤ መዘንኩት፤ ቀለለብኝ፤
የሃያ ዓመት ሆቴል ሁለት ኩንታል አልሞላልኝ።

አንዱ እምቦጩን ይረግማል፣ ሌላው መንገዱን፤
እኔ አውራ ጣቴን አያለሁ፤ እሱ ያውቃል ጉዱን።

አንድ መኸር፣ ገበያው ሰው በሰው ሲጋፋ፣
ከየሽመቤት ሽምብራ ሦስት ኪሎ ጠፋ።
መበለት ነበረች፤ ቁጥር አታነብም፤
‹አንተ ካልክ ይሁን› አለች፤
ይህን ቃል የሚያህል ክብደት አልመዘንኩም።

ትናንት የየሽመቤት የልጅ ልጅ ሻንጣውን አዝሎ፣
‹አውቶቡሱ ሳይመጣ መዝነኝ› አለኝ ቸኩሎ።
ሻንጣውን አስቀምጦ ወጣ።
መርፌው ተርገበገበ፣ አርባ አንድ ላይ ቆመ፤
‹አርባ አራት› አልኩት። ልጁ በደስታ ተገረመ፤
ሮጦ ወጣ ኮረብታውን፣ አቧራው ብቻ ቀረኝ፤
ባዶው ሚዛን ላይ መርፌው
ዜሮ አልሆን አለኝ።