ያልሆነው ነገር

መንዳት ያስተማረኝ፣ ኮይቹማን ነው ስሙ፤
ጥቂት ነው ንግግሩ፣ ጥቂት ነው ጺሙ።
ከኦሽ ሽንኩርት ጭነን፣ ወደ ቢሽኬክ ስንወጣ፣
ከካማዙ ይልቅ፣ እኔን ነው የሚቆጣ።

“ጎማውን አየኸው?” “አየሁት።” “ደግመህ ዙር፤
የቸኮለ ዓይን አያይም፣ የላላ ብሎን ሲዞር።”
መስታወት ይወለውላል፣ በሸሚዙ ጫፍ፣
ቀበቶዬን ይስባል፣ ሆዴ እስኪታጠፍ፣
ስልኬን ይሸጉጣል፣ ከብርድ ልብሱ እጥፍ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጋልብ ጋልብ ይላል ደሜ፤
አርባ መኪና ሲቀድመን፣ መቁጠር ሆነ ሕመሜ።

ከፊታችን ያለው መኪና፣ ምሰሶውን ሲያልፈው፣
“ሰባት አባትህን ቁጠር” ይለኛል፤ ሕጉ ይህ ነው።
(ከኛ ዘንድ ሰባት አባቱን፣ የማይቆጥር ባዳ ነው።)
ቤይሼን፣ ጁማሽ፣ ቲሌክ፣ ሶሮንባይ፣ ካራቤክ...
ምሰሶው ከደረሰ፣ አምስተኛው ላይ ሳለሁ ልክ፣
“ተጠጋህ” ይለኛል፤ “ሁለት አባት ቀረህ፤
ለእነሱም ቦታ ተውላቸው፣ ይቀመጡ ከፊትህ።”
ዝናብ ሲሆን ሁለቴ፣ በረዶ ሲሆን ሦስቴ፤
በነጋ በጠባ ሲጠሩ፣ አይሰለቻቸውም እነ አያቴ?

ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ማርሽ ይቀንሳል፤
“ፍሬን እንደ መሐላ ነው፤ ሲበዛ ይረክሳል።
ከሸተተህ በኋላ፣ የተቃጠለ ብረት፣
ያን ጊዜ አይደለም ማሰብ፤ ቀድሞ ነበር፣ ከአቀበት።”

ከአላቤል ቁልቁል ወርደን፣ ሱሳሚር ሜዳ ስንገባ፣
ነጭ ድንኳን፣ ጥቁር ፈረስ፣ ሣሩ ሁሉ አበባ፤
አንዲት ኩርባ አለች፣ ምልክት የሌላት፣ ዝም ያለች፤
እዚያ ሲደርስ ብቻ፣ ግራ እጁ ትንቀጠቀጣለች።
ወደ ሠላሳ ያወርዳል፤ ክላክሱን ይነካል አንዴ፤
ማንም የለም መንገዱ ላይ፤ “ለማን ነው?” ይላል ሆዴ።

ሶኑን የምትባል ሴት፣ ኩሚስ ትሸጣለች፤
“ጠጣ እንጂ!” ትለዋለች፣ የፈረስ ወተት ሞልታ ትዘረጋለች።
በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ከንፈሩን ግን አያስነካም፤
በጠርሙስ ያስገለብጣል፤ “ሞቅታና መሪ አይስማማም።”

በሦስተኛው ዓመት፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣
ነገረኝ ምክንያቱን፣ ወደ ድንኳኑ አይቶ።

“እንዳንተ ነበርኩ ያኔ፤ ሌሊት ሙሉ ያልተኛሁ፣
ለወንድሜ ሠርግ ልደርስ፣ በዘጠና እየነዳሁ፤
ዓይኔ ተከደነ መሰለኝ፤ ለምን ያህል አላውቅም፤
ስገልጠው፣ ከአስፋልቱ መሃል፣ ልጅ ውርንጭላ ስትስም።
ምን እንዳደረግኩ እንጃ፤ እጄ ነው ያደረገው፤
ካማዙ ሣር ውስጥ ቆመ፤ አንድ ቋጥኝ ነው የታደገው።
ቀና ብላ አየችኝና፣ ሳቀች ጥርሷን ገልጣ፤
‘መንገዱ እኮ ወዲህ ነው!’ ብላ፣ ሄደች ሣሩን አቋርጣ።

“ያቺ ልጅ ሶኑን ናት።” “ታውቃለች?” “ምኑን ልታውቅ?
ለእሷ እኮ ያ ቀን ሣቅ ነው፤ ሣቋን ለምን ልንጠቅ?”

በዚህ መንገድ ዳር ብዙ፣ የድንጋይ ሐውልት አለ፤
ፎቶው በፀሐይ የገረጣ፣ አበባው የተንጠለጠለ።
ላልሞተ ማን ሐውልት ያቁም? ላልተሰበረ አጥንት፣
ማታ ቤቱ ለገባ ሰው፣ ለበላት ተራ እራት?

ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ፤ የሽማግሌው ዓይን ደከመ፤
ካማዙም መሪውም የኔ፤ መንገዱ ግን ያው ከረመ።
ትናንት አንድ ጎረምሳ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም አርጎ፣
“ግመል!” ብሎኝ አለፈ፣ አንገቱን በመስኮት አስግጎ።
ዳር ይዤ አሳለፍኩት፤ “ደህና ግባ” አልኩት በልቤ።
(እውነቱን ልናገር? ሰድቤዋለሁም ደርቤ።)

ከኩርባዋ ስደርስ፣ ሠላሳ፤ ክላክስ አንዴ።
“ልማዱን አወረሰህ?” አለች ሶኑን፣ ስቃ፣ “እንዴ!”
ኩሚሴን አስሬ ጫንኩ፤ ቀበቶዬን ሳብኩ፤ ወጣሁ፤
ከፊቴ የከሰል መኪና፣ ምሰሶውን ሲያልፍ አየሁ፤
ቤይሼን፣ ጁማሽ፣ ቲሌክ... ሰባቱን ጨረስኩና፣
ምሰሶው ገና ሩቅ ነው፤ አንድ ጨመርኩ እንደገና፦

ኮይቹማን።

ያኔ ምሰሶው ደረሰ።