ገበር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፤
ከእህቴ ልጅ በቀር ሀብቴ መርፌና ክር።
ኢሪኒ ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ፤
አፏ ዝም ቢል እንኳ ዝም አይልም ፊቷ።

በሕማማት ሰሞን፣ ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣
የልጆች ትያትር ላይ ዕጣው ሲደርሳት፣
የቀያፋ ገረድ አደረጓት። በቃ።
እሳት ዳር ጴጥሮስን አይታ፣ ጣቷን ሰብቃ፣
«አንተም ከእነሱ ነህ» ልትለው፤ ሦስት ቃል።
ያን ቀን ጴጥሮስ የሆነው ልጅ ከልቡ አልቅሷል፤
አባ ሲዳሮስም መነጽራቸውን ጠርገዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ምንም አላማራት።
«አክስቴ፣ ተዋናይ ልሁን» አለች አንድ ሌት።
እኔ ምን አውቃለሁ? ስለ ጨርቅ ጠይቁኝ፤
ስለ ካሜራ ግን እግዜር ነው የሚያውቅልኝ።
«ካሜራ ሴት ይበላል» አለች ጎረቤቴ ኡም ራፊቅ፤
እሷ ግን ሦስት ድራማ ታያለች በየማታው፣ በለቅሶና በሳቅ።

አባን ጠየቅናቸው። ቆዩ ዝም ብለው።
«ሌባ ሁኚ ቢሏት የሰው ኪስ ትገባለች?»
«አትገባም።»
«ስትጨርስስ ወደ ቤት ትመጣለች?»
«አብሬያት ካለሁማ።»
«እንግዲያው አንቺም ሂጂ፤
ልብስን የሚያቆየው መልኩ አይደል፣ ገበሩ ነው እንጂ።»

ግንቦት ላይ መልእክት ገባ፣ ከማናውቀው ቁጥር፦
«ለዋናዋ ሴት የሚሆን ፊት ነው ያለሽ።
ከምሽቱ አራት ሰዓት፤ ሰባተኛ ፎቅ፤ ብቻሽን ነሽ።
ለማንም አትንገሪ፤ ዕድል ወሬ አይወድም።
ፎቶም ላኪ፣ ትከሻሽ የሚታይበት፤ ሥራ ነው፣ አያሳፍርም።»
ስልኩን ስታሳየኝ ጣቷ ይንቀጠቀጣል፤
ከፍርሃት አይደለም፤ ደስታም ያንቀጠቅጣል።

ፎቶ የሚባል ነገር አልላክንም። ሄድን ግን።
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ደረጃውን ተያያዝን፤
ያልጨረስኩት ቀሚስ በዘንቢል፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፤
በየፎቁ መቀመጫ እየፈለግኩ።
በሩ ሦስት ጣት ያህል ተከፈተ። ሽቶ።
«እማማ፣ ማን ነሽ?» አለኝ ሰውዬው ተቆጥቶ።
«ገበሯ ነኝ» አልኩት። «ምን?» «የልብሷ ገበር።»
«እኛ የጠራነው እሷን ነው፤ ከእሷ በቀር…»
«እንግዲያው ደህና እደር።»

እስከ ሦስተኛው ፎቅ እየሰደበችኝ ወረደች፤
ከሦስተኛው እስከ ምድር እያለቀሰች።
«አንቺ ነሽ የዘጋሽው!» እውነቷን ነው፤ ዘጋሁት።
ሦስት ጣት የሚከፈት በር ግን ድሮም ዝግ ነው፤ አየሁት።

ስምንት ወር፣ አንድም ሰው ስሟን ሳይጠራ፣
በፉልና በዘይት ጾምን፤ እሷ ኩርፊያዋን ጨምራ።

በጥር፣ በጠዋት፣ ደወለች አንዲት ሴት፤
ሱሄር፤ ድምፀ ሻካራ፤ ፊልም የምትሠራ በእውነት።
ፀሐይ ላይ ተገናኘን፣ መስኮት ባለው ቤት።
«እናት አላት?» «አክስት።» «ወንበር አምጡላት።»
ውሉን እንደ ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘረጋሁ፤
በመነጽሬ፣ በጣቴ፣ ቀዳዳ ፈለግሁ።
ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሥራ የለም፤ ይሁን።
ገጽ ዘጠኝ መሳም አለ። ኢሪኒ ናት «ይህን
አልችልም» ያለችው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።
ሱሄር ብዕር አነሳች፣ ሰረዘችው። ቅለቱ! ደነገጥኩበት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣
ቀቢዋ እጇን ያዘች፣ ገለበጠችው፤ አንጓዋ ላይ
አራት ዓመት ሲሞላት የተነቀሰችው መስቀል፣ ጉልህ ለሚያይ።
«አንቺም ከእነሱ ነሽ?» አለቻት፣ እንዲያው በጨዋታ።
ክፋት የለባትም። ግን ክፍሉ ዝም አለ ላንዳፍታ።
መርፌዬ ጣቴን ወጋኝ። ያቺን ሦስት ቃል አውቃታለሁ፤
ከምድር ቤት ወጥታ እዚህ ስትጠብቃት አያለሁ።
«አዎ ነኝ» አለች ኢሪኒ፣ እጇን ሳትሰበስብ፤
«ለሥራው ሸፍኚው፤ ቀለም ነው፣ በውሃ የሚታጠብ።»
ዶሮው ዝም አለ ልበል? ዋሸሁ፤ ዶሮው ጮኋል፤
የሹብራ ጣሪያ ዶሮ ለማንም ሳያዳላ ይጮኻል።

እኔም ጥግ ይዤ፣ ወንበሬ ላይ፣ እየሰፋሁ፣
ልጠብቃት መጥቼ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አንቀላፋሁ።
«አቁሙ!» አለ ድምፅ ቀጂው፤ «ማን ነው የሚያንኮራፋ?»
ብንን ስል ሃያ ሰው ያየኛል፤ መርፌዬም ጠፋ።
ኢሪኒ የነርስ ልብስ ለብሳ፣ መብራት መሃል ቆማለች፤
አልሳቀችም፤ አላፈረችም፤
«ይቅርታ፣ ገበሬ ናት» አለች።

ያልገባቸው ሳቁ፣ እርሻ የት ታውቃለች ብለው።
አንገቴን ደፍቼ መርፌዬን ፈለግኩ፤ ከወንበሩ ሥር ነው።