አምስት ዋት

«አርባ ዋት ነው» አለኝ ሮዴል እያግባባኝ፣
ከሆቴሉ ጓሮ በዕቃ በር አስገባኝ።
ባንዱ ተበትኗል፤ ዲጄ ተተክቷል፤
ለሱም ወደ ሴቡ ትኬቱ ተገዝቷል።
የሣጥኑን ጀርባ ገልጬ ባያቸው
አምፖሎቹ ቆመው ፍም ይዟል ሆዳቸው።
ቁልፉ አንድ ላይ ሲሆን ድምፁ አፉን ያዘ፤
አራት ላይ ሲደርስ ወለሉ ተጓዘ፤
ስድስት ላይ ሲያወጣው
ጊታሩ ተናዘዘ።

«ባለ ቫልቭ እንዲህ ነው፤ በቀስታ አያወራ፤
ካልነዱት፣ ካልጋለ፣ ድምፁም አያፈራ።
ላንተ መቶ ሃያ» አለኝ፣ «መቶ ሃያ ዲናር፤
ለሌላ ሰው ቢሆን በእጥፍ ነው የነበር።»

እኔ በደሴ ሠርግ ስመታ የኖርኩት
በቆርቆሮ ቀንድ ነው፤ ምርጫ መች ዐውቄት።
እጄ ኪሴ ገባ።
ከዚያ ቤቴ ትዝ አለኝ።

ሮዴል ቤቴን አያውቅ፤ ከሳሎን ተገምሳ
በጂፕሰም የወጣች፣ ጉደይቢያ ያለች አንካሳ፤
ከግድግዳው ማዶ ኢድሪስ ሲያነጥስ
«ይማርህ» የምለው ካልጋዬ ሳልነሣ።
ኢድሪስ የከሰላው፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣
ለሱ ሌሊት ማለት ቀን ነው ባጭሩ።
በዚያኛው ትርንጎ፣ አርብ አርብ የምትመጣ፣
የሰው ልጅ ስታባብል ፊቷ የገረጣ፤
እንቅልፍ ልትበደር።

አርባ ዋት እዚህ ቤት? ጭራሽ በነሐሴ?
ቁም ሣጥን ውስጥ ፈረስ ማሰር ነው፣ በነፍሴ!
አምፖሉ ሁሉ ሲግል፣ ኤሲው ሲንጠባጠብ፣
አቡ ናስር መጥቶ ቆጣሪውን ሲያነብ…
ተውኩት።
ሦስት ሌሊት ግን በሕልሜ አገሳ።

ሻጂ ዘንድ ሄድኩኝ፣ የኬረላው ሻጂ፣
የካውያ ጌታ፣ የእርሳስ ፈጂ።
አወረደ አንዲት ሣጥን ከመደርደሪያ፤
የብስኩት ቆርቆሮ ታክላለች፤ እጀታዋ የሻንጣ ማሰሪያ።
አምስት ዋት። ሁለት አምፖል።
ትራንስፎርመሯን ከሞተ ራዲዮ ነው ያወጣላት።

«የሮዴል መቶ አስር ቮልት ነው፤ መቀነሻውን ረስተህ
ግድግዳ ላይ ብትሰካው ጢስ ነው የሚዘፍንልህ።
ዋት ደግሞ አትቁጠር፤ ወረቀት ላይ ስምንት፣
ጆሮ ላይ ሲደርስ እጥፍም አይሞላት።»

ሰካሁ፤ እስክትሞቅ ቆየሁ፤ ባቲን ስዳስስባት
ቁልፏ ሦስት ሳይደርስ ድምጿ ሻከረላት።
ያቺ ሳግ የምንላት፣ ዜማ ሥር የምትገባ፣
ያለ ጩኸት መጣች፣ ዓይኗም ሳያነባ።
ሠላሳ አምስት አለኝ፤ በሠላሳ ቆረጥን፤
እንደ ዳቦ አቅፌያት አውቶቡስ ተሳፈርን።

ትራስ አነጠፍኩላት፤ ፊቷም ፍራሽ ለበሰ፤
ቁልፏ አንድ ተኩል ላይ፤
ጣቴ ነካ፣ ሸሸ፣ ነካና መለሰ።
መብራቱን አጥፍቼ፣ በሁለት ፍም ብርሃን
አየሁት ከዓመት ወዲያ የኤሲ ጋዝ የፈጀው እጄን።

በሦስተኛው ቀን፣ ከመግሪብ አዛን በፊት፣
ግድግዳው ተመታ።
ነፍሴ ሹልክ አለች፤ ቁልፉን ወደ ዜሮ፤
ይቅርታ ደረደርኩ፣ ግማሹ ዐረብኛ፣ ግማሹ በጉሮሮ።
ኢድሪስ በሬ ላይ ነው፣ ጀለቢያው ተጨማዶ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ።
«ያ አኺ» አለኝ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣
«ድምፁስ ምንም አይደል፤
ሦስተኛዋ ክር ግን
ከትናንት ወዲህ ወርዳለች።
እንዴት አድርጌ ልተኛ?»

ተመልሶ ተኛ። እኔም ክሯን ወጠርኩ።
ከጂፕሰሙ ማዶ፣ አፉ ትራስ ላይ ሆኖ፣
«ትንሽ» አለ።
«ትንሽ።»
«በቃ።»