ሰባት ነጥብ ዜሮ

መጋቢት ነው፤ ድሬ፥ ገና በማለዳ
ፀሐይ በር ላይ ቆማለች፥ እንዳበዳሪ ሰው፥ ልትቀበል ዕዳ።
የኔ ቢሮ ከደረጃው ሥር ነው፤
«የአካባቢ ጥበቃ ክፍል» ይላል በሩ፥ ውስጡ ግን አንድ ሰው፦
እኔ። አንድ ቬንትሌተር፥ አንገቱን የታመመ፥
አንድ ቁምሳጥን፥ ሆዱ በፋይል አብጦ፥ ቁልፉ ከጠፋ የከረመ።

ግድግዳው ላይ በመስታወት የምስክር ወረቀት፤
ከወርቃማው ማኅተም ግርጌ አቧራ ተኝቶበት።
በዓመት አንዴ፥ ኦዲተር ሲመጣ፥ እንወለውለዋለን፤
ሲሄድ ደግሞ አቧራው እንዲመለስ እንፈቅድለታለን።

የፍሳሹን መዝገብ ገልጬ ሳገላብጥ፥
ሰባት ነጥብ ዜሮ። ሰባት ነጥብ ዜሮ። ከራስ እስከ ግርጌ፥ ቅንጣት ሳይናወጥ።
ሰኞም ሰባት፥ ክሩ ሰማያዊ የተነከረ 'ለት፤
ዓርብም ሰባት፥ ቀዩ ቀለም የገነፈለበት፤
መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ባልዞረበት ቀን ሳይቀር፥
ሰባት።
ጠበል ነው እንዳልል፥ ዘምዘም ነው እንዳልል፥
ከማቅለሚያው ቤት ሥር በቱቦ ነው የሚወርድ፥ ደቻቱ ሊደባለቅ፥ አሸዋ ሊበክል።
«የማን እጅ ነው?» ብዬ ጽሕፈቱን አየሁ፤
የኔው ነው። አራት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የሞላሁ።

ከግቢው ጥግ፥ ቫልቩ ጋ፥ አብዶሽ ኡመሬ አለ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያንን የዛገ መዘውር ሲያዞር የዋለ።
ደብተር አለው፤ በካርቶን ለብዶ፥ በጆንያ መርፌ የሰፋው፥
ግማሹን በዓረብ ፊደል፥ ግማሹን በሥዕል፥ ላቡ ያደበዘዘው።
እንዲህ አነበበልኝ፦
«ሐሙስ። ጥቁር። የዋርዲ ፍየሎች ሊጠጡ ወርደው፥ አሽትተው ተመለሱ።
ቅዳሜ። አረንጓዴ። አሸዋ የሚዝቁት ልጆች እግራቸውን አከኩ፥ አለቀሱ።
ማክሰኞ። ሽታ። ጥበቃው አፍንጫውን በሽርጡ ጠቀለለ፤
ለአለቃ ነገርኩት፤
ʻነፋስ ይወስደዋልʼ አለ።»

ደቻቱ፥ አብዛኛውን ዓመት፥ አሸዋ ነው፤
ወንዝ የምንለው በፍርሃት ነው።
ሰው ላዩ ላይ ይራመዳል፥ መኪና ያቆማል፥ ይሸጣል፥ ይለውጣል፤
አንድ ሌሊት ግን ከላይ፥ ከደጋው ሲቆጣ፥ ቤት ለቤት ይዞራል።
የሰጠነውን አይጥልም፤ ከሆዱ ያኖራል፤
መዝገብ ቤት እሱ ነው። የኛማ ፋይል ይቃጠላል።

የፒኤች መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ፥ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ፥
ባትሪው ከነልብሱ እርጅና የወሰደ።
ከታይዋን ሌላ ገዛሁ፥ በኪሴ፥ ያለ ደረሰኝ፤
አብዶሽ ጣሳውን በገመድ አወረደ፥ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፥ ሞልቶ አቀበለኝ።
ቁጥሩ ዋለለ፥ ወጣ፥ ወረደ፥ ደግሞ ወጣ፤
ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ጣቴ ሰባት ለምዷል፤ እስክርቢቶው ወደ ሰባት ተንጋደደ፥ አልመጣም ብሎ አመጣ።
ጻፍኩት፥ እጄን በግራ እጄ ደግፌ።
ዘጠኝ። ነጥብ። አራት። ላብ በአፍንጫዬ ጫፍ፥ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ አልፌ አልፌ።

ሥራ አስኪያጁ፥ ኢንጂነር ተስፋልደት፥ መነጽሩን አወለቀ፦
«ይኼ ቁጥር ከየት መጣ?»
«ከውሃው» አልኩት።
ዝም አለ፤ መልሶ አጠለቀ።
ቬንትሌተሩ አንገቱን ሁለት ጊዜ ዞረ፥ ተንቃቃ።
«ቫልቩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈት? ማን ያውቃል?» አለ በመጨረሻ፥ እንደነቃ።
አብዶሽ ተጠራ። ነጠላ ጫማውን ከበር ላይ አወለቀ፤
በሃያ ሁለት ዓመት ያቺን ምንጣፍ ዛሬ ረገጠ።
ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፥ ክሩ ላልቶ ገጹ ገለጠ።

ማጣሪያ ገንዳው ገና ነው፤ በጀቱ ለሰኔ ተባለ፥
ሰኔ ደግሞ የድሬ ሰው እንደሚለው፥ ገና ሩቅ አገር አለ።
አዲሱ ቅጽ ላይ ግን አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ «ማን አየው?» የሚል።
የዛሬው እንዲህ ይላል፦
ስምንት ነጥብ ሰባት። ቀለም፥ የሻይ ዓይነት። ያየው፥ አብዶሽ።
ፍየሎቹ ወረዱ፥ አሸተቱ፥
አንዷ እግሯን ነከረች።
ሌሎቹ ቆመው ያዩዋታል።